ካህኑ ቤት ሊያይ ሲመጣ

ሥራዬ አናጢነት ነው፤ በተለይ ጣሪያ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሠፈር ሠፈር እየዞርኩ ቆርቆሮ እመታለሁ፣ ያረጀውን እቀይራለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ወጥቼ አይቼ ብቻ እወርዳለሁ። ይህን የመጨረሻውን እንደ ሥራ የሚቆጥረው ሰው ጥቂት ነው። «ምን ሠራህና ነው የምከፍልህ?» ይሉኛል። እሱስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ሌላውን ነው። ጣሪያን ማስመርመር ራሱ እምነት ማጣት የሚመስላቸው አሉ። «ደህና የተቀመጠውን ቤቴን ለምን ታሟርትበታለህ ልጄ? እኔን የምትጠብቀኝ እመቤቴ ናት» ያሉኝ እናት ነበሩ፤ ቆርቆሯቸውን ነፋስ እንዳይወስደው የተከመረበት ድንጋይ ለአንድ ጎጆ መሠረት ይበቃል። «እሺ እማማ» ብዬ መሰላሌን ይዤ ሄድኩ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ በሰው ደጅ ቆሞ መከራከርም ነውር ነው። ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ወጣ። በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው ጣሪያውን የሚያስመረምረው ለምንድን ነው?

ልጅ ሳለሁ የኔታ እግር ሥር ተቀምጬ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ ዜማ ጀምሬ ሳልዘልቅበት ቀረሁ እንጂ። ስለዚህ መልሱን መጀመሪያ የፈለግኩት ከኦሪት ነው። ብዙ ሰው ዘሌዋውያን ላይ ሲደርስ ገጹን ቶሎ ቶሎ ይገልጣል፤ የመሥዋዕቱና የለምጹ ዝርዝር ያደክማል። ምዕራፍ 14 መጨረሻ አካባቢ ግን እንደኔ ያለ ሰው ቆም ይላል። እዚያ የታመመው ሰው አይደለም፤ ቤት ነው። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሆነ፣ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ምልክት ሲታይ ምን እንደሚደረግ ተጽፏል። ሊቃውንቱ ስለ ምሥጢሩ ብዙ ይላሉ፣ እኔ ከእነሱ ጋር አልጋፋም። እኔን የያዘኝ ሥርዓቱ ነው።

ባለቤቱ ምልክቱን ሲያይ ምንጣፍ ሰቅሎ አይሸፍነውም፤ ካህኑ ዘንድ ይሄዳል። ሄዶም በቤቴ ደዌ አለ ብሎ አይፈርድም፣ ደዌ የሚመስል ነገር አየሁ ነው የሚለው። ይህን እያንዳንዱ ደንበኛዬ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ካህኑም ከመግባቱ በፊት ዕቃው ሁሉ እንዲወጣ ያዛል፤ ቤቱ ርኩስ ነው ከተባለ ዕቃውም አብሮ እንዳይረክስ ነው። ይሄ ለድሃ ያዘነ ሕግ ነው፣ ምንቸቱና ምንጣፉ እንኳ ታስቦለታል። ከዚያ ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል፣ ቤቱን 7 ቀን ይዘጋዋል። በሰባተኛው ቀን ተመልሶ እንደገና ያያል። ምልክቱ ከሰፋ የተበላሹት ድንጋዮች ወጥተው ከከተማ ውጪ ይጣላሉ፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይመረጋል። ያም ሆኖ ተመልሶ ከመጣ ቤቱ ከነእንጨቱ ይፈርሳል። ካልተመለሰ ደግሞ ንጹሕ ነው ይባላል፣ የማንጻቱም ሥርዓት የሚደረገው ያን ጊዜ ነው። ሥርዓተ ጸሎቱ ምርመራውን ተከትሎ ነው የሚመጣው፤ ምርመራውን ተክቶ አይደለም። የእኛ ሠፈር ካህን ጠበል ሊረጩ በየቤቱ ሲገቡ ቀና ብለው «ይሄ ኮርኒስ ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። አንዳንዱ ባለቤት ይከፋዋል። እኔ ግን ከአሮን ቤት የወረሱት አገልግሎት ነው እላለሁ።

ደዌ የሚመስል ነገር አየሁ ማለት ለምን ይሻላል? ውሃ ውሸታም ስለሆነ ነው። ኮርኒሱ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ይታያል፣ በውስጡ ሌላ ክብ፤ ሰውየው ጣቱን ቀስሮ «ቀዳዳው እዚህ ጋ ነው» ይለኛል። ውሃው ግን የገባው ሌላ ቦታ ነው። በአንድ የላላ ሚስማር በኩል ገብቶ፣ በማገሩ ሥር ተንሸራቶ፣ ወራጁን ይዞ ወርዶ፣ መሄጃ ሲያጣ ነው የሚንጠባጠበው። ከገባበት ሁለት ሦስት ሜትር ርቆ የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከውጪ አልጀምርም። ኮርኒሱ ውስጥ እገባለሁ፣ ባትሪዬን አጠፋለሁ፣ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ እቀመጣለሁ። ቀን ከሆነ ቀዳዳው ራሱን ያጋልጣል፤ በየሚስማሩ ዙሪያ፣ በየድርቡ መገናኛ፣ መርፌ የምታክል ብርሃን ትገባለች። አንድ አሮጌ ቤት ጣሪያ ሥር ሆኖ ማየት የከዋክብት ሰማይ ማየት ነው፤ ባለቤቶቹን አስገብቼ ካሳየኋቸው በኋላ ስለ ክፍያ የተከራከረኝ የለም።

ብርሃኑን በጠመኔ ምልክት አደርግበትና እንጨቱን እነካለሁ። የባሕር ዛፍ ወራጅ ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ዱቄት ሊሆን ይችላል። ሹል ነገር ወጋ ሲያደርጉት እሺ ብሎ ከገባ አልቆለታል። ጭቃ የመሰለ ቀጭን መስመር ግድግዳውን ይዞ ከወጣ ምስጥ ነው፤ እሱ ባለበት ቤት ቆርቆሮ መቀየር ገንዘብ ማቃጠል ነው። ቀጥሎ ከውጪ፣ ከመሰላሉ በፊት፣ የመብራት ገመዱን አያለሁ። ከምሰሶ የመጣው ገመድ የቆርቆሮውን ጠርዝ እየታከከ ልባሱ ከተላጠ ጣሪያው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ቴስተር ሳላስነካ እጄን አላሳርፍም፤ ባለቤቱም ልጁን ኳስ አውርድ ብሎ ከመላኩ በፊት ይህን ማወቅ አለበት።

ላይ ከወጣሁ በኋላ የምረግጠው የሚስማሩን መስመር ተከትዬ ነው፣ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ብቻ ነውና። ሚስማሩ የተመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው ወይስ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ? ጎድጓዳው ላይ ከሆነ ቤቱ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። የሚስማሩ ጎማ ፀሐይ አድርቆት ከተሰነጠቀም ያው ነው። ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባሱ ነው፤ ዚንኩ ከብረቱ ቀድሞ ይበላለታል፣ እሱ ሲያልቅ ብረቱ ይጀምራል። ነጭ ዱቄት ሲታይ ዚንኩ እየሄደ ነው፣ ቀይ ሲሆን ሄዷል። እነዚያ በየጣሪያው የሚጫኑት ድንጋይና አሮጌ ጎማ ታዲያ ምን ያደርጋሉ? ልባሱን ይፍቃሉ፣ ከሥራቸው እርጥበት ይዘው ያድራሉ፣ ክብደታቸው ደግሞ በወራጁ ላይ ነው። ስለ ክብደት ካነሳን፣ 1000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ነው፤ ማንንም ሳያማክሩ ጣሪያ ላይ የሚያወጡት ሰዎች አሉ። በቆርቆሮ ውፍረት መለኪያው፣ በጌጅም፣ ብዙ ሰው ይሞኛል፤ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳል፣ 28 ከ32 ይወፍራል። ትልቅ ቁጥር የገዛ ሰው የተሻለ የገዛ ይመስለዋል። አሸንዳውን ዝም ብዬ ባልፈው ይሻላል፤ ቅጠሉን ጥረጉ፣ በቃ።

ይህ ሁሉ የቤት ጉዳይ ነው፣ የሃይማኖት ጥያቄ አይደለም የሚለኝ ሰው ይኖራል። ዘዳግም 22፣ ቁጥር 8ን ያንብብ። አዲስ ቤት የሠራ ሰው ለጣሪያው ዙሪያውን መከታ እንዲሠራ ታዟል፤ አንድ ሰው ከዚያ ቢወድቅ ደሙ በቤቱ ላይ እንዳይሆን። ይህን ቃል እኔ የማውቀው ከልጅነቴ ነው፣ የከፈተልኝ ግን ሌላ ሰው ነው። ቤተ እስራኤላዊ ወዳጅ አለኝ፤ ከጎንደር መጥቶ አዲስ አበባ እስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ሲጠባበቅ በነበረበት ጊዜ አብሮኝ ያናጥ ነበር፣ ከዚያ በግንቦት 1983 በዘመቻ ሰለሞን ሄደ። ዛሬ የሚኖረው ነታንያ ነው፤ በስልክ ስንገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምናወራው ስለ ጣሪያ ነው። እዚያ ጣሪያው ጠፍጣፋ ነው፣ ሰው ይወጣበታል፣ ውሃ የሚያሞቀው የፀሐይ መሣሪያም እዚያው ነው። «የእኛ ጣሪያ ላይ ማንም አይተኛም፣ ይሄ ትእዛዝ እኛን አይመለከትም» ስለው ሳቀብኝ።

«ቄሶቻችን ኦሪቱን አንድም ሳያስቀሩ ያውቁ ነበር» አለኝ። «ታልሙዱን፣ የመምህራኑን ትርጓሜ፣ ያገኘነው ግን እዚህ ነው፤ ልጄ የሺቫ የሚባለው የሃይማኖት ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የሚነግረኝ።» ልጁ እንደነገረው ረቢ ናታን የሚባል የጥንት መምህር ይህንኑ ትእዛዝ ይዞ፣ ሰው በቤቱ ክፉ ውሻ አያሳድግ፣ የላላ መሰላልም አያቁም ብሏል። ሙሴ ማይሞኒደስ የሚባለው የአይሁድ ሊቅም በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሕጉን ሲያጠናቅር የመከታው ቁመት ከ10 ጋት አይነስ ካለ በኋላ፣ በግቢው ውስጥ ክፍት ጉድጓድ ያለውንም ሰው አክሎበታል። 10 ጋት ወደ 80 ሳንቲሜትር ግድም ነው። ስለዚህ ትእዛዙ ስለ ጠፍጣፋ ጣሪያ አይደለም፤ ሰው ሊጎዳ የሚችልበትን ነገር በቤትህ አይተህ ዝም አትበል ነው። የላላ መሰላል የሚለው ለኔ የተጻፈ ነው መሰለኝ፤ ደንበኛ ያቀረበልኝን መሰላል ረግጬ አላውቅም።

ከዚያ የነገረኝ ግን ለብዙ ቀን ከሐሳቤ አልወጣም። ኦሪቱ ሰውየውን ገና ሳይወድቅ የሚወድቀው ይለዋል። መምህራኑ ለምን ብለው ጠየቁ፤ መልሳቸውም ያ ሰው ከፍጥረት መጀመሪያ አንስቶ መውደቁ የታወቀ ነበር የሚል ነው። እኛስ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ ምን እንላለን? «ቀኑ ደርሶ ነው።» እንዲህ ሲባል የድንኳኑ ሰው ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ ባለ ቤቱም ቀለል ይለዋል። መምህራኑም ቀኑ መድረሱን አልካዱም። ግን በዚያ አላቆሙም፤ መልካም ነገር የሚመጣው በመልካም ሰው እጅ ነው፣ ክፉም የሚመጣው በበደለኛ እጅ ነው አሉ። ቀኑ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ ታዲያ ለምን በአንተ ጣሪያ? ይህን ለቅሶ ቤት የሚጠይቅ ጨካኝ ነው፣ አልጠይቅምም። ክረምቱ ሳይገባ፣ ግንቦት ላይ ግን እጠይቃለሁ።

ሕጋችንም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 2077 ላይ፣ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል፤ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆን እንኳ። አላወቅሁም የሚለው መልስ ዳኛ ፊት አያዋጣም ማለት ነው። ሕግ ለካሣው ሲል እንዲህ ማድረጉ ይገባኛል፤ የተጎዳው ሰው መታከም አለበት። እግዚአብሔር ፊትስ? እዚህ ላይ ሁለቱን መለየት እፈልጋለሁ።

ሴት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስትማር፣ ክሊፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ እምነት ሥነ ምግባር የጻፈውን ነገር አጫወተችኝ። አንድ ባለ መርከብ መርከቡ አሮጌ መሆኗን ያውቃል፤ ማሳደስ ውድ ነው። ብዙ ማዕበል አልፋለች፣ አምላክም የተሳፈሩትን ቤተሰቦች አይጥላቸውም እያለ ጥርጣሬውን አባብሎ ያስተኛዋል፣ ከልቡም ያምናል። መርከቧ ሰጠመች፣ እሱ የኢንሹራንሱን ገንዘብ ወሰደ። ክሊፎርድ የሚለው፣ ከልቡ ማመኑ አያድነውም፤ እንደዚያ ሊያምን መብት አልነበረውም፣ ሳያይ ያመነ ነውና። እስከዚህ ድረስ ከመሰላሌ ላይ ሆኜ አሜን እላለሁ። ቀጥሎ ግን መርከቧ በደህና ብትደርስም ኖሮ በደሉ ያው ነበር ይላል። ልጄ ይሄ ነው የጽሑፉ ልብ ትላለች። እኔ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልዋጥልህ አለኝ። በበሰበሰ ወራጅ ሥር ልጆች አሳድገው የዳሩ፣ የልጅ ልጅ የሳሙ አውቃለሁ፤ እነሱን ሰው ከገደለው ጋር አንድ ላይ ለመመደብ አፌ አይታዘዝም። ልጄ «በደሉ እኩል ነው፣ ዕዳው ነው የሚለያየው» ትለኛለች። ምናልባት። እኔ የምለው የዳነው ሰው ምሕረት ተደርጎለታል ነው፤ ምሕረትን ደግሞ ማስረጃ አድርጎ ለሚቀጥለው ክረምት ማቅረብ ድፍረት ነው።

በዚያኛው በኩል ያለውም ስሕተት መነገር አለበት። የአንዱ ጣሪያ ሲወድቅ «ምን ሠርቶ ይሆን?» የሚሉ አሉ። በሰሊሆም ግንብ ወድቆ 18 ሰው ስለገደለበት ነገር ጌታ በሉቃስ 13 ላይ ሲናገር፣ እነዚያ ሰዎች ከኢየሩሳሌም ሰው ሁሉ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ነው ያስረዳው። የወደቀበትን ሰው በደል መቁጠር የእኛ ሥራ አይደለም። አዋቂ አስጠርቶ፣ የታየውን ጠግኖ፣ ከዚያ ያልታሰበ በረዶ ወይም ነፋስ ጣሪያውን የነጠቀው ሰው እኔ ዘንድ ንጹሕ ነው፣ ሕጉ ካሣ ቢያስከፍለውም። ያላየው ግን፣ ማየት እየቻለ፣ ላለማየት ብሎ ያላየው፣ ያልታሰበ ነበር ለማለት አፍ የለውም፤ ያልታሰበ ያደረገው ራሱ ነው። ምርመራ ለኔ ይህን ድንበር ማስመር ነው፤ የቱ የእኔ ነው፣ የቱ ከእኔ በላይ ነው። ያላስመረ ሰው ሁሉንም እግዚአብሔር ላይ ይጥላል፣ ወይም ከአደጋው በኋላ ሁሉንም ራሱ ላይ።

እኒያን እናት መልሼ ባገኛቸው ቀና ብለው የቤተ ክርስቲያናቸውን ጉልላት እንዲያዩ ነበር የምጠይቃቸው። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት መስቀሉ ላይ የሰጎን እንቁላል አለ። ሰጎን እንቁላሏን ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቃለች፣ ዓይኗን ካነሣች ይበላሻል ተብሎ ተምረናል፤ አምላክ እንዲሁ ይጠብቀናል፣ እኛም ልባችንን ከእሱ አናንሣ ለማለት ነው። ሰጎን በእውነት እንዲህ ታደርግ እንደሆነ ለአራዊት አዋቂ ልተወው። አባቶቻችን ግን በጣሪያው አናት ላይ ያስቀመጡት የተኛ ነገር አይደለም፤ የሚያይ ዓይን ነው። ላሊበላንም አስቡ። ጣሪያው ከተራራው ጋር አንድ ዓለት የሆነ ቤተ መቅደስ እንኳ ተሰነጣጥቆ ዝናብ ዘልቆታል፤ ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን ከዝናቡ ለመከለል በ2000 ዓ.ም. ግድም መጠለያ ተሠርቶላቸዋል። ቅዱስ ስለሆነ አያፈስም ያለ ካህን አልሰማሁም።

አሁን ያለሁበት ክርክር የእናትየው አይደለም፤ የአንድ ኮንዶሚኒየም ነው። አራተኛ ፎቅ ያሉት ክረምት በመጣ ቁጥር ባልዲ ይደረድራሉ፣ ምድር ቤት ያሉት ግን ዝናቡን የሚሰሙት በመስኮት ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ እንዲህ ያለውን ነገር የጋራ አድርጎታል፤ ጣሪያ የላይኛው ፎቅ የግል ንብረት አይደለም። ኮሚቴው ለምርመራው ከየቤቱ እኩል ገንዘብ ይውጣ ብሎ ሰበሰባቸውና እኔም ዋጋዬን ልናገር ተጠራሁ። አንድ ሐጂ፣ ምድር ቤት የሚኖሩ፣ መጀመሪያ ተነሡና ስለ ባለ ግመሉ ሰው ተናገሩ፤ ግመሌን ልሰር ወይስ በአላህ ልመካ ብሎ ነቢዩን ሲጠይቅ መጀመሪያ እሰር፣ ከዚያ ተመካ የተባለውን። «እኔ እከፍላለሁ» ብለው ተቀመጡ። ከጎናቸው ያለው ወጣት ግን እጁን አውጥቶ «ሐጂ፣ ግመሉ እኮ የአራተኛ ፎቅ ነው!» አለ። ቤቱ በሣቅ ፈረሰ፣ እኔም ሣቅሁ፣ ጥሩ ነገር ነው የተናገረው።

ከስብሰባው በኋላ ወጣቱን ደረጃው ሥር ወዳለው የቆጣሪ ሳጥን ወሰድኩት። ከላይ የገባው ውሃ በመብራት ገመዱ ቱቦ ውስጥ ለውስጥ ወርዶ የሳጥኑን አናት አዝግቶታል፤ ከሥሩ ደግሞ ቀለሙ ተነፍቶ ተላጧል። ሳጥኑ ከእሱ በር አንድ ክንድ አይርቅም። ልጁ በዚያው ሲያልፍ ሲያገድም ነው የሚውለው። ጎንበስ ብሎ ዝገቱን አየና «መቼ ነው የምትወጣው?» አለኝ። ቅዳሜ አልኩት፣ ጤዛው ሲደርቅ፤ ግን መብራቱን አስቀድሞ የሚያጠፋ ኤሌክትሪሺያን እናንተ ጥሩ፣ መሰላሉ የኔ ነው።